ሰማይን ሰላም ያለው ሰው

አውሎ ነፋሱን ቀድማ ያየችው ግመሏ ነበረች። ድንገት ተንበረከከች፣ አንገቷን አሸዋው ላይ ዘረጋች፣ አፍንጫዋን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ወርዱጉ ግን «ልግመኛ!» እያለ ጅራቷን ይጠመዝዛል።

«አንተ ቀጣፊ፣ የእሷን ጅራት ተውና የራስህን ኋላ እይ!» አለችው ዳዲ።

ዞር አለ። ከሰሜን በኩል ምድር ተነሥታ ቆማለች። ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋ ቡናማ ግድግዳ ነው፤ ከፊቱ የምትሸሸው ጭልፊት ትንኝ ታክላለች። ድምፅ የለውም። ያን የሚያህል ነገር ያለ ኮሽታ ሲመጣ ወርዱጉ አፉን ከፈተ፣ ቃል ግን አልወጣም። ዳዲ አውሎው ምን ያህል ክፉ እንደሆነ የገባት ያኔ ነው፤ ወርዱጉ ከተፈጠረ ጀምሮ ቃል ሲያጣ ታይቶ አይታወቅምና።

«ሙሽራይቱን! ሙሽራይቱን አውርዱ!»

ይህን የጮኹት ሽማግሌው ኬሌይ ናቸው። የጮኹትም ለዳዲ ነው። ወርዱጉ ከእሳቸው አሥር ክንድ እንኳ አይርቅም፤ ዳሩ ግን የልጃቸው የአሽታ ባል ነው። በእነዚህ የበረሃ ሰዎች፣ በጎራን አገር ደግሞ አማትና አማች ቃል አይለዋወጡም፣ አብረው አይበሉም፣ ፊት ለፊት አይተያዩም። አማት በአማቹ ፊት ጥምጥሙ ከአፉ ከወረደ ራቁቱን ቢቆም ይሻለዋል። ስለዚህ መሐላቸው የማንኛቸውም ዘመድ ያልሆነች ዳዲ ገባች። መንገድ መሪ ናት፣ ግመል ነጂ ናት፣ ክንዷ ላይ ጩቤ የታሰረባት መበለት ናት። የአንዱን ቃል ለሌላው ታደርሳለች። ሁለቱም የሌላውን ቃል በገዛ ጆሯቸው ይሰማሉ፤ ነገር ግን ዳዲ ካልደገመችው እንዳልተባለ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው።

«አውርድ ይሉሃል» አለች ዳዲ።

«እያወረድኩ ነው በይልኝ።»

«እያወረደ ነው፣ አያ ኬሌይ።»

«ውሸቱን ነው! እንደ ጉቶ ቆሟል! ጉቶ በይው!»

«ቶሎ በል ይሉሃል፣ የኔ ጌታ» አለች ዳዲ። ቃል ስታደርስ ትንሽ ማጣፈጥ ልማዷ ነው።

ግድግዳው ደረሰ። ቀኑ ጠፋ። አሸዋው ዓይን ውስጥ፣ ጆሮ ውስጥ፣ ጥርስ መካከል ገባ። ገመድ ተበጠሰ፤ ሙሽራይቱን የተሸከመችው ግመል ብድግ ብላ ወደ ጨለማው ፈረጠጠች። ወርዱጉ ተወርውሮ የገመዱን ጫፍ ያዘና በሆዱ እየተጎተተ ሄደ። እሱ ራሱ እንደሚያወራው ነፋሱ ስድስት ጊዜ ከመሬት አነሣው፣ የመለሰው ግን አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በስድስተኛው ያረፈው ግመሏ ጀርባ ላይ ነው። ይህን የሚጠራጠር ሰው ሄዶ ግመሏን ይጠይቅ። እውነቱ እንዴትም ይሁን፣ አውሎው አልፎ ፀሐይ እንደ መዳብ ሳንቲም ብቅ ስትል፣ ወርዱጉ ግመሏ ላይ ተለጥፎ፣ በሁለት እጁ ሙሽራይቱን አቅፎ ተገኘ።

ኬሌይ ከሩቅ አዩት። አሸዋውን ከልብሳቸው አራገፉ።

«ገመዱን ያሰረው ራሱ ነው በይው» አሉ በመጨረሻ።

«እግዜር ይስጥህ ይሉሃል» አለች ዳዲ።

ሙሽራይቱ ማን ናት? ሴት አይደለችም። የሰው ቁመት ያላት አረንጓዴ ቱቦ ናት፤ ሰው በትከሻው ተሸክሞ አውሮፕላን የሚጥልባት ሚሳኤል። በግመል ላይ በሚጫን የሙሽራ ድንኳን ውስጥ ተኝታ፣ በቀይ ሻሽ ተጠቅልላ፣ ምንጣፍ ተደርቦላት ነው የምትጓዘው። ከኡኒያንጋ ሐይቆች ተነሥታ የሙርዲን በረሃ አቋርጣ ወደ ኤነዲ ተራሮች፣ ወደ አርሼይ ሸለቆ ትሄዳለች። በዚያ ሸለቆ ዋሻ ውስጥ ስድሳ ቤተሰብ ተጠልሏል። በየጥቂት ቀኑ ከሰሜን አውሮፕላን እየመጣ ቦምብ ይጥልባቸዋል። የተምሩን ዛፍ አቃጥሏል፤ ግመሎቹን ፈጅቷል። አሽታ እዚያ ናት፤ አርባ ቀን ያልሞላው፣ አባቱ ያላየው ልጇን ታቅፋ። ሙሽራይቱ ቶሎ ካልደረሰች የሚቀጥለው ቦምብ ማንን እንደሚመርጥ የሚያውቅ የለም።

ሌሎቹ ሠልጣኞች ወደ ጦር ግንባር ስለዘመቱ፣ ሙሽራይቱን መተኮስ የሚያውቅ የቀረው ወርዱጉ ብቻ ነው። ኡኒያንጋ ላይ አንድ ወር ሙሉ ሠልጥኗልና።

እንደዚያ ነው የተወራው። ያወራውም ወርዱጉ ነው።

ወርዱጉ በእርግጥ ኡኒያንጋ ሥልጠና ቦታ አንድ ወር ከርሟል፤ ግን የሠልጣኞቹ ወጥ ሠሪ ሆኖ ነበር። ድስቱ ከድንኳኑ ጀርባ ተጥዶ፣ እሱ እያማሰለ፣ ትምህርቱ በሸራው ቀዳዳ እየሾለከ ይመጣለታል። አሠልጣኙ ከሩቅ የመጣ፣ የጎራን ቋንቋ ገና አፉ ውስጥ ያልለሰለሰለት ሰው ነበር። ሥርዓቱ ሰባት ነው ይል ነበር፤ ሰባቱን በቃሉ ያልያዘ ሰው ሚሳኤሏን በጣቱ እንዳይነካ። አንደኛውን ሥርዓት በየቀኑ እየጮኸ ይናገራል። ሊል የፈለገው «ከመተኮስህ በፊት የመጣው ማን እንደሆነ ለይ» ነው። «ለይ» የሚለው ቃል ግን ጠፋበትና አፉ ላይ የመጣለትን ጮኸ፦

«አንደኛ፣ ሰላም በለው!»

ሠልጣኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ወርዱጉ ግን አልሳቀም፤ የሚያስቅ ነገር አልታየውም። በበረሃ ከሩቅ የመጣ ሰው ወዳጅ ይሁን ጠላት በምን ይታወቃል? በሰላምታው ነዋ! ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ያለውስ? እሱ የተነገረው ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ በሚንጫጫበት ሰዓት ነው። አንድ ፊደል አልሰማም።

ይህን ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ዘንድ የሚወስድ ጉዞ ሲነሣ «እኔ አውቃለሁ!» ብሎ እጁን አወጣ፤ ያወጣው እጅ ደግሞ ተመልሶ አልገባም። በየቀኑ ግመሏ ላይ ሆኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ኬሌይ ሥርዓቱን የሚደግም ይመስላቸዋል። እሱ ግን «አንደኛ፣ ሰላም በለው። ሁለተኛ...» ይልና ሽንኩርት ይሸተዋል።

የሙርዲ ምድር ሰውን ያሳንሳል። ሦስት ቀን ሙሉ ሄደው አንዲት ሣር አላዩም። አራተኛው ቀን ጠዋት አሸዋው መሐል ዓለቶች ብቅ አሉ፤ መጀመሪያ እንደ ግመል፣ ቀጥሎ እንደ ቤት፣ ከዚያ ጣሪያቸው የፈረሰ ከተሞች መሰሉ። በአንዱ የድንጋይ ቅስት ሥር አለፉ፤ ቁመቱን ለማየት ወርዱጉ አንገቱን ሲያቀና ጥምጥሙ ወደ ኋላ ወደቀ። ማን ጠረበው? ለማን በር ነበር? ዳዲ እንኳ ግመሎቹን መስደብ አቆመች። ኬሌይ ከግመላቸው ወርደው በእግራቸው አለፉ።

«ለምን ወረዱ ብሎ ይጠይቃል» አለች ዳዲ፣ ወርዱጉ ጠይቋት።

«በሰው ደጅ ተቀምጠው አያልፉም በይው» አሉ ኬሌይ።

ይህችን ዳዲ ሳትጨምር ሳትቀንስ አደረሰች። ወርዱጉም ወረደ።

ከቅስቱ ማዶ ባለው ጉድጓድ ውሃ ዳር ሰባት ሰዎች ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ጥምጥማቸው እስከ ዓይናቸው ነው። ጠመንጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ዳዲ በሹክሹክታ «ኦሮዚ ነው» አለች። የሽፍቶቹ አለቃ ኦሮዚ በዚያ በረሃ የማይዘርፈው ነገር ጥላ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚተወው አይታሰርም ብሎ ነው።

ግን ሽፍታም ቢሆን ጎራን ነው። ሰላምታ ሳያልቅ አይዘርፍም።

ወርዱጉ ሃያ ክንድ ያህል ርቆ ቁጢጥ አለ። ጦሩን አሸዋ ላይ ተከለ። ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። ኦሮዚም እንዲሁ።

«ደህና ነህ?» «ደህና።» «ፀሐዩስ?» «ደህና።» «ድካሙስ?» «ደህና።» «ግመሎቹስ?» «ደህና።» «ከኋላህ ያሉትስ?» «ደህና።» «ከፊትህ ያሉትስ?»

እንዲህ እያሉ ጥላቸው አንድ ስንዝር እስኪያጥር ድረስ ተጠያየቁ። የሚጠየቅ ሲያልቅ ኦሮዚ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መልካም። አሁን ያቺን አረንጓዴ ሙሽራ አስረክበኝ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ሙሽራ ያለ ዘፈን ትሄዳለች እንዴ?»

ወርዱጉ ቀና ብሎ ሽፍታውን በሐዘን ተመለከተው። ውሸት ሊናገር ሲል ፊቱ እንደ ሼኽ ይሆናል።

«ወንድሜ ኦሮዚ፣ መውሰዱንስ ውሰዳት። ግን ሰላም ስለተባባልን ልምከርህ። ይህች ዕቃ የምትከተለው ሙቀት ነው። የአውሮፕላን ሞተር በሌለበት ምን ትከተላለች? የሰው ደም። ከሰውም ደሙ የፈላውን ትመርጣለች። ተቆጥተህ እንዳትነካት።»

«አልተቆጣሁም!» ብሎ ጮኸ ኦሮዚ።

«እሺ። ግንባርህ ላይ ያለው ላብ ግን ሸቷታል።»

በዚህ መሐል የድንኳኑ እንጨት በፀሐይ ብዛት «ቀጭ» አለ። ሰባቱም ዘለሉ።

«ሰማሃት?» አለ ወርዱጉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ዞር እያለች ነው።»

«ታዲያ እናንተን ለምን አልነካችም?»

«እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ፤ ፈሪ ቀዝቃዛ ነው። ይህች ሴትዮ መበለት ናት። እኚህን ሽማግሌ ደግሞ እያቸው! ለእኔ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ደማቸው ከቀዘቀዘ ስድስት ዓመቱ ነው። ሙሽራይቱን እንዲያጅቡ የተመረጡትም ለዚህ ነው።»

ኬሌይ እንደ ዓለት ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ውስጣቸው ግን እንደ ድስት ይንተከተካል።

ከሽፍቶቹ አንዱ ቀስ ብሎ ከኦሮዚ ራቅ አለ። ሌላውም ተከተለው። «አለቃ፣ የተቆጣኸው አንተ ነህ። እኔ እንኳ ደህና ነኝ።»

«ማን ነው የተቆጣ! አልተቆጣሁም አልኳችሁ!»

«ቀጭ» አለ እንጨቱ።

ኦሮዚ ባልዲ ውሃ አስቀድቶ ጥምጥሙ ላይ አፈሰሰ። ተቀመጠ። በረጅሙ ተነፈሰ። ስለ ጥላ፣ ስለ ወተት፣ ስለ እናቱ አሰበ። በመጨረሻ ፊቱ በእውነት ለሰለሰ። ነገር ግን ዝርፊያ የሚሞቅ ሥራ ነው፤ የቀዘቀዘ ሽፍታ ምን ሊዘርፍ? ጉድጓዱን አሳያቸው፣ ግመሎቻቸውን አጠጣላቸው፣ ለመንገድም እፍኝ ተምር ሰጣቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይኑን ከድንኳኑ አልነቀለም።

ርቀው ሲሄዱ ኬሌይ ፈነዱ። «ዳዲ! ደሙ የቀዘቀዘ ማን ነው በይው! አህያ በይው! የአህያ ልጅ በይው!»

«ብልህ ነህ ይሉሃል» አለች ዳዲ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ኤነዲ ተራሮች አወጣቸው። ቀይ ገደሎች ሰማዩን ከፍለውት፣ ሰማዩ ራሱ እንደ ሰማያዊ መቀነት ጠቦ ይታያል። በአንድ የድንጋይ ጥላ ሥር ሲያርፉ ዳዲ ከመንገደኛ የሰማችውን ነገረቻቸው፤ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሐኪም በየሰፈሩ እየዞረች ኩፍኝ የያዛቸው ልጆች የት እንዳሉ ስትጠይቅ ነበር አሉ፤ አርሼይን ጠርተውላታል።

«ምን ሆና ትደርሳለች? በርራ?» አሉ ኬሌይ። «ከሰማይ ከዝናብ በቀር ደግ ነገር መጥቶ አያውቅም። ዝናቡም ረስቶናል።»

በማግስቱ አርሼይ አፍ ላይ ደረሱ። የላይኛው መተላለፊያ በቦምብ ፈርሶ ተዘግቷል። የቀረው መንገድ በጥቁሩ ኩሬ ውስጥ ነው፤ መቶ እርምጃ ያህል፣ እስከ ወገብ የሚደርስ። ገደሉ ሁለቱን ዳር እንደ ግንብ አጥሮታል። ውሃው ላይ የገደሉ ጥላ ተኝቷል፤ ጥላው ውስጥ ደግሞ አዞዎች አሉ። በበረሃ መካከል አዞ! ያ አገር ወንዝና ሣር በነበረበት ዘመን የመጡ፣ ወንዙ ሲደርቅ መመለሻ ያጡ፣ ከዓለም የተረሱ አዞዎች ናቸው። ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ የለም፤ የአርሼይ ሰዎች አይቆጥሯቸውም፣ አይገድሏቸውምም። ኩሬው የእነሱ ነው ይላሉ፤ ሰው እንግዳ ነው።

ግመሎቹን ትተው ገቡ። ወርዱጉ ሙሽራይቱን በራሱ ተሸክሞ ከፊት፣ ዳዲ ጩቤዋን መዝዛ ከመሐል፣ ኬሌይ ጦራቸውን እየመረኮዙ ከኋላ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው። የእግራቸው ድምፅ ገደሉን ነክቶ እየተመለሰ ከኋላቸው ሌላ ሰው የሚከተላቸው ያስመስላል። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ የኬሌይ እግር ድንጋይ ሳተ።

ቦጭረቅ አሉና ተዘረጉ። ጦሩ ሰጠመ። ጥምጥማቸው ተፈትቶ እንደ ነጭ እባብ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ከወዲያ ዳር ግንድ የመሰለ ነገር ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ።

«ወርዱጉ!» ዳዲ ጮኸች። «ሽማግሌው! አዞው!»

ወርዱጉ ሙሽራይቱን ዳዲ ትከሻ ላይ ጣለና ዞረ። ዞሮ ግን ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ሆነሃል? ዓይንህን ክፈት!»

«ጥምጥማቸው ወርዷል! የአማቴን አፍ እንዴት ልይ!»

«ይበላቸዋል እኮ!»

«ምሪኝ!»

ዓይኑን እንደ ጨፈነ ውሃውን እየቀዘፈ ገሰገሰ። ኬሌይ ለእሱ መናገር አይችሉም፤ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ወደ ዳዲ ይጮኻሉ፦ «ወደ ግራ በይው! ኧረ ግራ!» ዳዲ ትደግማለች፦ «ግራ! ግራ ይሉሃል!» ቃሉ ከሽማግሌው ወደ ሴቲቱ፣ ከሴቲቱ ወደ አማች እስኪዞር አዞው እኩሌታውን ጨረሰ። ወርዱጉ እጁን ሰደደ። አንድ ወፍራም ነገር ጨበጠ። የአማቱ ቀበቶ መሰለው፤ ጎተተ፤ አልመጣም። እንግዲህ የግመል ነጂ እጅ ያለ አእምሮ የሚሠራው አንድ ሥራ አለ፤ እምቢ ያለውን ጅራት መጠምዘዝ።

ጠመዘዘው።

ያ አዞ ከተፈጠረ ጀምሮ ብዙ ነገር አይቷል። ጅራቱን የጠመዘዘው ግን የለም። ከውሃው ውስጥ ቁመቱን ሙሉ ወጣ፣ በአየር ላይ ዞረ፣ ወርዱጉን በጅራቱ ጥፊ አጩሎ ወደ ጥላው ውስጥ ገሠገሠ። ከዚያ ቀን ወዲያ የአርሼይ አዞዎች የሰው እጅ ሲያዩ ጅራታቸውን ይሰበስባሉ ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ያየም አላየሁም።

ወርዱጉ በጥፊው ወድቆ ሲነሣ የነካው እውነተኛው ቀበቶ ነበር። ጎተተ። ዓይኑን ሳይከፍት ሽማግሌውን በጀርባው አዝሎ ወደ ማዶ አወጣቸው። ዳር ላይ አስቀምጧቸው ፊቱን አዙሮ ቆመ፣ ጉንጩ አብጦ፣ ውሃ እየተንጠባጠበ። ከጀርባው ኬሌይ የጨመቁትን ጥምጥም ሲጠመጥሙ ይሰማዋል።

«ዳዲ» አሉ ኬሌይ። «ለዚያ ሰው...»

ዳዲ ጠበቀች። ቃሉ አልመጣም። ዳዲም የምታጣፍጠው አጣች።

ሸለቆው ተከፈተ። ገደሎቹ ሥር ዋሻዎች፣ ዋሻዎቹ አፍ ላይ ሰዎች። ከሰዎቹ መካከል አንዲት ሴት ልጅ ታቅፋ ቆማለች። ወርዱጉ ከዚያ ርቀት ፊቷን አላየም፤ አቋቋሟን አየ። አሽታ። እርምጃውን ሊያፈጥን እግሩን ሲያነሣ ሰማዩ ላይ ድምፅ ተሰማ።

ዝም ያለ አገር የሞተር ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ሰብስበው ወደ ውስጥ ሮጡ። ሸለቆው ባንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ወርዱጉ፣ ዳዲና ኬሌይ ብቻ ሜዳው ላይ ቀሩ። ሙሽራይቱም።

«መጣ!» አሉ ኬሌይ። «ሰውየው ሥራውን ይሥራ በይው!»

«ሥራህን ሥራ ይሉሃል።»

ወርዱጉ ቀዩን ሻሽ ገፈፈ። ቱቦዋን ትከሻው ላይ አወጣ። ከበደችው፤ በጉዞው ሁሉ እንደዚህ አልከበደችም። ከዋሻዎቹ ጨለማ ስድሳ ቤተሰብ ያየዋል። አሽታ ታየዋለች። አማቱ ከጀርባው አሥር ክንድ ርቀው ቆመዋል። ላቡ በዓይኑ ገባ። ሁለተኛው ሥርዓት ምን ነበር? ሽንኩርት። ሦስተኛው? ሽንኩርት። በሕይወቱ የተናገረው ውሸት ሁሉ ተሰብስቦ ትከሻው ላይ ተቀመጠ።

አንዱን ብቻ ያውቃል። የሚያውቀውን አደረገ።

ሚሳኤሏን እንደ ተሸከመ ቁጢጥ አለ። ከሰማይ ወደሚመጣው ነጥብ ተመለከተ።

«ደህና ነህ?» አለ ጮክ ብሎ።

ሸለቆው «ነህ... ነህ...» ብሎ መለሰ።

«ፀሐዩስ? ድካሙስ? መንገዱስ?»

«ምን እያደረገ ነው?» አሉ ኬሌይ። «ዳዲ! ምን እያደረገ ነው?»

«ሰላም እያለው ነው፣ አያ ኬሌይ።»

«ማንን?»

«አውሮፕላኑን።»

ሽማግሌው ጨርቃቸውን ሊጥሉ ደረሱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፀሐዩን ተከልሎ የሚመጣ ጥቁር ነገር ብቻ ነው የሚታያቸው። «ተኩስ በይው! ልጄ እዚያ ናት! ተኩስ በይው!»

ቃሉ ወርዱጉ ጆሮ ውስጥ ጥርት ብሎ ገባ። ግን ዳዲ አልደገመችውም። አፏን ግጥም አድርጋ ወርዱጉን ታያለች። ያልተደገመ ቃል ደግሞ አልተባለም።

«ዳዲ! በይው!»

ዳዲ ጩቤዋን ወደ አፎቱ መለሰች።

«ከኋላህ ያሉትስ?» ይላል ወርዱጉ። «ከፊትህ ያሉትስ?» መጀመሪያ ላይ ጊዜ መግዣው ነበር። ነገር ግን ሰው እየጠየቀ መልስ መጠበቁ አይቀርም፤ መልስ የሚጠብቅ ደግሞ ያያል። አየ። ይህ አውሮፕላን አይቸኩልም። ከፍ ብሎ ከመወርወር ይልቅ ዝቅ ብሎ፣ በዝግታ፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ነው የሚመጣው። ትንሽ ነው። ሆዱ እንደ እርግብ ነጭ ነው።

«ልጆቹስ?» አለ ወርዱጉ። «ልጆቹ ደህና ናቸው?»

አውሮፕላኑ አናታቸው ላይ ደረሰ። በመስኮቱ የሰው እጅ ወጣ፣ ተወዛወዘ። ከዚያ ክንፉን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ዘንበል አደረገ።

ሰማይ ሰላምታ መለሰ።

ወርዱጉ ቱቦዋን ከትከሻው አውርዶ አሸዋው ላይ አስተኛት። ቀዩን ሻሽ መልሶ ሲያለብሳት ሦስት ጊዜ ወደቀበት።

አውሮፕላኑ ከሸለቆው ውጭ ደልዳላ ላይ አረፈ። ነጭ ጋዋን የለበሰችው ሐኪም የመድኃኒት ሣጥን በራሷ ተሸክማ ኩሬውን ተሻገረች። ስለ አዞዎቹ ስትጠይቅ ዳዲ «ዛሬ ጅራታቸውን ያማቸዋል» አለቻት። ሐኪሟ ዋሻ ለዋሻ እየዞረች የልጆቹን ክንድ ወጋች፤ የወርዱጉን ልጅም። ወሬም ይዛ ነበር፦ የሰሜኑ አየር ማረፊያ ከሦስት ቀን በፊት በወገን ጦር ተይዟል፤ ከእንግዲህ ከዚያ በኩል የሚነሣ የለም።

ሰዎቹ ወርዱጉን በትከሻቸው አነሡት። «አወቀ! ወዳጅ መሆኑን ከሰላምታው ለየው! ምን ያለ ትምህርት ነው!» ወርዱጉ ልጁን ታቅፏል። ልጁ በአንድ ዓይኑ ያየዋል፣ የሚያምነው አይመስልም። ውሸት ምላሱ ላይ ተዘጋጅታ፣ አጊጣ፣ ተኳኩላ ቀረበች። በዕድሜው እንደዚያች ያለች ቆንጆ ውሸት አልመጣችለትም።

«አውርዱኝ» አለ። «ዳዲ፣ ለታላቁ ሰው ንገሪልኝ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ። እኔ ሠልጣኝ አልነበርኩም። ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ከሰባቱ አንዱን ብቻ ነው የሰማሁት። የሰሜኑ አውሮፕላን ቢሆን ኖሮ መተኮስ አልችልም ነበር። ሁላችሁም ታልቁ ነበር።»

ዳዲ ወደ ኬሌይ ዞረች። እንደ ቅስቱ ቀን ሁሉ ቃሉን እንዳለ፣ ነጥብ ሳትጥል አደረሰች።

ኬሌይ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ በዳዲ ጀመሩ። «አንቺ ደግሞ፣ ተኩስ በይው ስልሽ ለምን አልደገምሽም?»

«አሸዋ አፌ ገብቶ ነበር፣ አያ ኬሌይ።»

ሽማግሌው ተነሡ። ከአማቻቸው አሥር ክንድ ርቀው ቆመው ነበር፤ ወደ አምስት ቀረቡ። ቁጢጥ አሉ።

«ደህና ነህ?» አሉ ኬሌይ።

ወርዱጉ ወደ ዳዲ ተመለከተ። ዳዲ ትከሻዋን ሰበቀች፤ ቃሉ ለእሷ አልመጣም።

«ደህና» አለ ወርዱጉ ቁጢጥ ብሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«ድካሙስ?»

«ደህና።»

«ጉንጭህስ?»

«አብጧል እንጂ ደህና ነው።»

«ሙሽራይቱስ?»

«ተኝታለች።»

«ትተኛ» አሉ ኬሌይ። «ወጥ ሠሪ ነኝ ብለሃል። እስቲ እንየው።»

ወርዱጉ እሳት አነደደ። ሐኪሟ ከያዘችው ሽንኩርት፣ ዳዲ ከቋጠረችው ደረቅ ሥጋ ቀንሶ ድስት ጣደ። ሲበስል አወጣና በሁለት እጁ ይዞ ቀረበ። ኬሌይ ጥምጥማቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ፣ በአማቻቸው ፊት፣ በስድሳው ቤተሰብ ፊት። ወርዱጉ በዚህኛው ጊዜ ዓይኑን አልጨፈነም። ጎረሱ። አላመጡ። ረጅም ጊዜ አላመጡ።

«ጨው በዝቶበታል» አሉ ቀጥታ ለወርዱጉ።

ዳዲ ከልማዷ ብዛት ቀና አለች። «ግሩም ነው ይሉሃል» አለችው።